የዲላ መንገድና ያልተመዘገበው ራሊ

ከዲላ መናኸሪያ የሚወጣ ሚኒባስ ጊዜ የሚያባክነው መንገድ ላይ አይደለም፤ እዚያው በሩ ላይ ነው። ረዳቱ «ሐዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ሁለቱ ሰዎች ገብተው ከተቀመጡ በኋላም መኪናው ሁለት ሰው እንደቀረው ነው። አንዲት እናት የአናናስ ዘንቢላቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ይከራከራሉ። አንዱ ተማሪ መልስ ይጠብቃል። ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሳል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ያስነሳል። በዚህ ሁሉ መሃል አርባ ደቂቃ ይሄዳል። መኪናው አስፋልቱን ሲይዝ ግን ያቺ አርባ ደቂቃ ከሆነ ቦታ መመለስ አለባት። የምትመለሰው ደግሞ ከዲላ እስከ ሐዋሳ ባለው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ነው፤ ከኩርባው፣ ከትምህርት ቤቱ በር፣ ከገበያው ጫፍ እየተሸረፈች።

እንዲህ ያለው ሂሳብ በስፖርቱ ዓለም ስም አለው። ራሊ ይባላል።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ብዙ ሰው ራሊን ከተራው የመኪና እሽቅድምድም ጋር ያምታታዋል። እሽቅድምድም በተዘጋ ክብ መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ጋር የሚሽቀዳደምበት ነው። ራሊ፣ በተለይ የጥንቱ፣ ሰው ከሰዓት ጋር የሚታገልበት ነው። መንገዱ በኬላዎች ይከፋፈላል። ከአንዱ ኬላ ተነስቶ የሚቀጥለው ኬላ በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለበት ለተወዳዳሪው ተጽፎ ይሰጠዋል። በዘገየ ቁጥር የቅጣት ነጥብ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ጎማ የፈነዳበት፣ ጭቃ የያዘው ወይም መንገድ የሳተ ሰው ያጠፋውን ጊዜ የሚያካክሰው ከፊቱ ባለው ደህና መንገድ ላይ ነው። ደህናው መንገድ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ነው። የጥንቱ የአማተር ራሊ አብዛኛው አደጋ የሚነሳው ከዚህች ቀላል ሂሳብ ነው።

ዲላ የተቀመጠችው ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። መንገዱን ይዞ የቀጠለ ሰው በወናጎ፣ በይርጋጨፌ፣ በቡሌ ሆራና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌን ይሻገርና ናይሮቢ ይገባል። የአፍሪካ ስመ ጥሩ ራሊ የተወለደው እዚያው፣ በዚሁ መንገድ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ የምትጭንበትን በዓል ምክንያት በማድረግ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ «ኮሮኔሽን ሳፋሪ» ተብሎ ተጀመረ። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች አንድ ክብ መንገድ ላይ ሲሽከረከሩ መዋል የሚያሰለቻቸው ነበሩ። ከቤታቸው በር ተነስተው አገር ለአገር መንዳት ነበር የፈለጉት። መኪኖቹ የተመደቡት በሞተር ጉልበት ሳይሆን በመሸጫ ዋጋቸው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ አሸናፊ እንኳ አልተሰየመም። በ1954 ቪክ ፕሬስተን የተባለው ሰው ያሸነፈው በቮልስዋገን ነው፤ እኛ አገር «ቮልስ» እያልን በምንወዳት በዚያችው ድብልብል መኪና።

«አማተር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትክክለኛ ትርጉሙን ይይዛል። አማተር ማለት የማይችል ሰው ማለት አይደለም። የራሱን መኪና፣ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ አንገት የሚነዳ ሰው ማለት ነው። ውድድሩ ሲያልቅ በዚያችው መኪና ሥራ ይሄዳል፤ ያውም የምትሄድ ከሆነች። ከኋላው የሚከተለው የፋብሪካ ቡድን የለም። ከላይ ሆኖ ከፊት ከብት አለ፣ ሰው አለ የሚለው ሄሊኮፕተር የለም፤ ያ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ገንዘብ ያላቸው ፋብሪካዎች ሲገቡ ነው። ያለው ካርታ የያዘ ጓደኛ፣ አካፋ፣ ገመድና ትርፍ ጎማ ነው። እንቅልፍ እንኳ የለም። ውድድሩ ሌሊትና ቀን የሚቀጥል ስለነበረ በሁለተኛው ሌሊት መሪ የያዘው ሰው ዓይኑ ተገልጦ የሚተኛበት ጊዜ ይመጣል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጫት ቅሞ ሌሊቱን ከሞያሌ ሲነዳ ያደረ የጭነት ሾፌር ጠዋት ዲላ ቁርስ ቤት በር ላይ ሲወርድ ዓይኑን ማየት ይበቃል።

የሳፋሪ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓመቶች ይነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 84 መኪኖች ተነስተው መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። በ1968 ደግሞ 93 ተነሱ፣ አሁንም የደረሱት 7 ናቸው። የሚገርመው ሁለቱንም ያሸነፉት ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ፣ ሁለቱንም በፔጆ 404 መሆኑ ነው። ፔጆ 404ን የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው አይደነቅም፤ ያቺ መኪና ምን እንደምትችል ያውቃታል። ዝናብ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ሌላውን ሲያስቀሩት ለፍጻሜ የበቃው የማይሰበረው ነው።

እንዲህ ሲነገር ታሪኩ ጀግንነት ብቻ ይመስላል። ከሳፋሪ መጽሔቶችና ፎቶዎች ላይ ሁልጊዜ የሚታየው ጭቃ የለበሰ መኪናና የሚስቅ ሾፌር ነው። ከፎቶው ጫፍ ላይ የሚቆመው ሰው፣ ጭቃው የተረጨበት ባለአገሩ፣ ስሙ አይጻፍም። ስለእሱ ነው ማውራት የሚገባው። ሳፋሪ ለአሥርተ ዓመታት የተካሄደው ለትራፊክ ክፍት በሆነ መንገድ ላይ ነበር። ተወዳዳሪው ሲመጣ ከፊቱ አውቶቡስ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ አለ፣ ውሃ የተሸከመች እናት አለች። እነሱ በውድድሩ አልተመዘገቡም። መነሻ ሰዓት አልተሰጣቸውም። ዋንጫም አይደርሳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1965 ያሸነፈው ጆጊንደር ሲንግ የኬንያ ተወላጅ መካኒክ ነበር። ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር የነዳው መኪና ከዓመት በፊት በፋብሪካው ቡድን ተነድቶ የቀረ፣ ያገለገለ ቮልቮ ፒቪ 544 ነው። የአማተርነት ክብሩ ይህ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ተጠግኖ የወጣ አሮጌ መኪና አዲሶቹን ሲቀድም። ያን ዓመት ግን ዕጣ ደርሶት የመጀመሪያው ተነሺ እንደነበረ አብሮ መነገር አለበት። በደረቅ መንገድ ከፊት መነሳት ማለት አቧራ አለመብላት ነው። ከኋላ የሚመጣው ሰው ለመቅደም ሲፈልግ ወደ ነጭ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ ሳያውቅ ነዳጅ ይረግጣል። የጥንቱን አማተር ከምንም በላይ የጎዳው ይኸው በጭፍን መቅደም ነው። በጌዴኦ የአቧራውን ቦታ ጉምና ዝናብ ይወስዱታል። ወደ ቡሌ የሚወጣውን መንገድ በክረምት የሄደበት ሰው የፊት መብራት አሥር እርምጃ እንኳ የማያሳይበትን ሰዓት ያውቃል።

ያቺው ቮልቮ ሌላም ነገር ታስታውሳለች። ዛሬ ሁሉም መኪና ላይ ያለው ከትከሻ ወደ ወገብ የሚወርደው የደህንነት ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ በወጡ መኪኖች ላይ የተገጠመው ቮልቮ ላይ ነው፤ ፒቪ 544 አንዷ ነበረች። የሠራው ኒልስ ቦህሊን የተባለ መሐንዲስ ነው። ኩባንያው ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። እንግዲህ ስልሳ ምናምን ዓመት አለፈ። ዛሬም በዲላ መስመር የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ቀበቶውን የሚስበው ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ነው። ኬላው እንዳለፈ ይለቀዋል። አንዳንዱ ሾፌር ተሳፋሪው ቀበቶ ሲያስር «ምነው፣ አታምነኝም እንዴ?» ብሎ ይቀየመዋል።

ተመልካቹ ጋ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1903 ከፓሪስ ተነስቶ ማድሪድ ሊደርስ የታሰበ ውድድር ነበር። ሕዝቡ መኪና በቅጡ አይቶ አያውቅም። መንገዱ ዳርና ዳር ተሰልፎ፣ አንዳንዴም መሃል ገብቶ፣ መኪናው ሲቀርብ ገለል ማለት እንደ ፈረስ ጋሪ የሚበቃ መስሎት ይጠብቃል። ከሁሉም ባነሰ ጊዜ ቦርዶ የደረሰው ፈርናንድ ጋብሬል በአማካይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ገለል የሚባልበት ጊዜ የለም። የሬኖ ኩባንያ መሥራች ከሆኑት ወንድማማቾች አንዱ፣ ማርሴል ሬኖ፣ በዚያ መንገድ ሞተ። ተወዳዳሪዎችና ተመልካቾች ተደምረው ቢያንስ 8 ሰው አለቀ። መንግሥት ውድድሩን ቦርዶ ላይ አስቆመው፤ መኪኖቹም በፈረስ ተጎትተው ባቡር ጣቢያ ደርሰው በባቡር ተመለሱ። በፈረስ ተጎትተው! የፈረስ ዘመን አለፈ ሊሉ የወጡ ናቸው እኮ።

ትምህርቱ ግን ወዲያው አልተያዘም። በ1957 በጣሊያኑ «ሚሌ ሚሊያ» አልፎንሶ ደ ፖርታጎ የተባለው የስፔን መኳንንት የሚነዳው ፌራሪ ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ወጣ። እሱና አብሮት የነበረው ሰው ብቻ አልነበሩም የሞቱት፤ መንገድ ዳር የቆሙ 9 ሰዎች ሞቱ፣ ከእነሱ 5ቱ ሕፃናት ነበሩ። ውድድሩ በዚያው ቀረ። በ1986 ደግሞ በፖርቱጋል ራሊ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ፣ አንዳንዱ የሚያልፈውን መኪና በእጁ ለመንካት ሲሞክር፣ አንድ ተወዳዳሪ ሰው ለማዳን ሲል መሪ ስቶ ሕዝቡ መሃል ገባ። 3 ሰው ሞተ፤ ከ30 በላይ ቆሰለ። ታላላቆቹ ነጂዎች «ከዚህ በኋላ አንነዳም» ብለው ወጡ። በዚያው ዓመት በኮርሲካ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ከሞቱ በኋላ እነዚያ እጅግ ፈጣን መኪኖች ከውድድር ታገዱ።

ከ1903 እስከ 1986 ማለት 83 ዓመት ነው። ሰው መንገድ ላይ አለ የሚለውን ቀላል ነገር ለመቀበል የፈጀው ጊዜ ነው።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች በ1900 ዓ.ም ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ሲደርሱ መንገድ በሌለበት አገር መኪና እየነዱ ያመጧቸው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ አንዱ ነው። ያ ጉዞ ራሱ ያለ ሌላ ስም የአማተር ራሊ ነበር። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይም «የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ» የሚባል ውድድር ነበረን፤ ከሳፋሪው ዓለም ጋር የተዛመደ። ከዚያ በኋላ ስፖርቱ ደከመ። መንገዱ ግን አልደከመም፤ ውድድሩ ያለ ስፖርቱ ቀጠለበት።

ሕዝቡ ለመኪና ያወጣውን ስም ማየት በቂ ነው። አይሱዙን «አልቃይዳ» አለው። ቀዩን ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» አለው። ይህን ያለው የትራንስፖርት ባለሥልጣን አይደለም፣ ጋዜጠኛም አይደለም። መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ያየ ሰው ነው። ጫት የጫነ አይሱዙ ለምን እንደሚበር ሁሉም ያውቃል፤ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ አለበት። ሾፌሩ የሚከፈለው ለሰዓቱ ነው። የሳፋሪው ሾፌር ሲዘገይ ነጥብ ይቀጣል፤ የእኛው ሲዘገይ ገንዘብ ይቀጣል። የመጀመሪያው ዋንጫ ፈልጎ ነው። ሁለተኛው የልጆቹን ቀለብ። ማንኛቸው የበለጠ ነዳጅ እንደሚረግጡ መገመት አያስቸግርም። በዚህ ምክንያት ሾፌሩን ብቻ መስደብ ቀላልም ስህተትም ነው፤ ሰዓቱን የቆረጠለት ሌላ ሰው አለ። ባለንብረቱ አለ፣ ነጋዴው አለ፣ «ይንዳ፣ ረፍዶብናል» የሚለው ተሳፋሪም አለ።

አሁን ደግሞ ሞተር ብስክሌቱ መጥቷል። ከዲላ ወደ ቡሌ፣ ወደ ኮቸሬ፣ ወደ ገደብ በሚገቡት የፒስታ መንገዶች ላይ ሞተር የብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል። ቡናው ሲደርስ እሸት ቡና ይጭናል፣ ወላድ ያደርሳል፣ ተማሪ ይመልሳል፤ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ይገባል። ክብር ይገባዋል። ግን ሄልሜቱ ብዙ ጊዜ መሪው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፤ ከኋላ የተፈናጠጡት ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ልጆቹ አስፋልቱ ላይ «ማን ይቀድማል» ይባባላሉ። ይህ ነው እንግዲህ ንጹሑ የአማተር ውድድር፤ ገንዘብ የሌለበት፣ ዳኛ የሌለበት፣ መንገዱም ያልተዘጋበት።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን ይነሳል? የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ ተደራርበው የበቀሉበት ያ ተራራ ቱሪስት ይጠራል ተብሎ ይጠበቃል። ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ሲመለስ ናይቫሻ በሰው ሞላች። ሩዋንዳና ኡጋንዳም የራሳቸው ራሊ አላቸው። አንድ ቀን አንድ ሰው ተነስቶ «ለምን በይርጋጨፌ የቡና መንገድ ራሊ አናደርግም?» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ያ ቀይ አፈር፣ ያ ኩርባ፣ ያ ጥላ ለስፖርቱ የተሠራ ይመስላል። ወጣቶቹም ችሎታ አያንሳቸውም፤ አንድ የገደብ ሞተረኛ በጭቃ የሚያደርገውን ያየ ሰው ይመሰክራል።

ችግሩ ሌላ ነው። ራሊ ባዶ መንገድ ይፈልጋል፤ ጌዴኦ ውስጥ ባዶ መንገድ የለም። ዞኑ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ የሚሄድ ሰው አንዱ መንደር የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አይለይም፤ ቤቱ፣ እንሰቱ፣ ቤቱ፣ ቡናው፣ ቤቱ። የየቤቱ ደጃፍ መንገዱ ነው። መንገዱ ላይ ልጅ ይጫወታል፣ አቮካዶ ይሸጣል፣ አስከሬን ይሸኛል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪው ዛሬ በአብዛኛው የሚካሄደው ለውድድር በተዘጋ መንገድና በሰፋፊ የግል መሬቶች ነው። እዚህ መንገድ እንዝጋ ቢባል የሚዘጋው የሰው ግቢ ነው። አጃቢ፣ አምቡላንስ፣ በየኩርባው የቆመ ሰው፣ ከሳምንት በፊት በየቀበሌው በጌዴኡፋ የተነገረ ማስታወቂያ፣ ይህ ሁሉ ሳይሟላ «እንሞክረው» ማለት የ1903ን ስህተት በቡና ሽታ መድገም ነው። ያ ሁሉ ከተሟላ ግን ማንም «አይሆንም» ሊል አይገባም። ማታ አስፋልት ላይ ከሚፎካከሩት ልጆች ግማሾቹ እንኳ ሄልሜት አድርገው፣ ዳኛ ፊት፣ በተዘጋ ሜዳ ቢወዳደሩ መንገዱ ያተርፋል።

ሕጉ ለዚህ መንገድ ዳር ላለ ሰው ስም አለው፤ «ሦስተኛ ወገን» ይለዋል። በ2005 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለውን ካሳ ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር ወስኖት ነበር። አስቸኳይ ሕክምናውን ደግሞ እስከ 2 ሺህ ብር። ቃሉ ይገርማል። የመጀመሪያው ወገን ባለመኪናው ነው፣ ሁለተኛው ኢንሹራንሱ፤ የሚሞተው ሦስተኛ ሆኖ ተቆጠረ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል የመንገድ አደጋ አንደኛ ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ መኪና ውስጥ የነበሩ አይደሉም፤ እግረኛ፣ ባለብስክሌትና ሞተረኛ ናቸው። የእኛው «ሦስተኛ ወገን» ማለት እነሱ ናቸው።

ሚኒባሷ አሁን ሐዋሳ ልትደርስ ነው። ሁለት ጊዜ ኩርባ ላይ ቀድማለች። አንዴ ፍየል ለማዳን ፍሬን ስትይዝ የአናናሱ ዘንቢል ተገልብጦ እናትየው «በስመ አብ» ብለዋል። ረዳቱ ሳቀና ለቀመላቸው። ከአርባው ደቂቃ ሃያ አምስቱ ተመልሳለች። መናኸሪያው ውስጥ ሾፌሩ ወርዶ ተራ አስከባሪውን ለመመለሻ ስንተኛ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ተራ አስከባሪው ደብተሩን ያያል። «ዘጠነኛ ነህ» ይለዋል። «ምሳህን ብላ፣ ተኛ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አትወጣም።»